ቤንዚን ቤንዚን የምትል አበባ

ካፒቴኑ ሞተሩን ድንገት አጠፋው። ከባሕር ዳር ተነስተን ወደ ዘጌ ጉዞ ከጀመርን ገና ሩብ ሰዓት ቢሆነን ነው። እኔ ጀልባው ፊት ላይ ቆሜ ለስድስት እንግዶች ስለ ታንኳ እያወራሁ ነበር፤ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ። ሞተሩ ዝም ሲል ሐይቁ ላይ የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ማንም ሰው ሲጋራ እንዳይለኩስ በያቸው» አለኝ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ቤንዚን ይሸታል።»

ተረጎምኩ። አንዱ እንግዳ ላይፍ ጃኬቱን ጠበቅ አደረገ። ረዳቱ የወለሉን ጣውላ ማንሳት ጀመረ። ካፒቴኑ ጀሪካኑን አገላብጦ አየ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን አሸተተ። ደረቅ ነው። እንደገና ዳሰሰ። አሁንም ደረቅ። ቀና ብሎ አየሩን ሳበ፣ ፊቱን አኮማተረ፣ ተመልሶ ቱቦው ላይ ጎንበስ አለ።

ነፋሱ ከፊት ነበር። እኔም ከፊት ነበርኩ። እሱ ከኋላ፣ ሞተሩ ዘንድ። ይቺን ስደምር ሆዴ ባር ባር አለኝ። ቀስ ብዬ የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።

ቤንዚን። ቤንዚን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አዲስ የመኪና ጎማም አለበት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ደረቱን የሚታሽበት ቅባትም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓሪስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት መጥታ አንድ ሽቶ ሰጠችኝ። ስሙ «ቱቤሮዝ ክሪሚኔል» ነው፤ ወንጀለኛዋ ቱቤሮዝ እንደማለት። ሰርዥ ሉተንስ የሚባለው የሽቶ ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ያወጣው ነው፤ ቀማሚው ክሪስቶፈር ሼልድሬክ ይባላል። ቱቤሮዝ ከሜክሲኮ የመጣች ነጭ አበባ ናት። ስሟ ውስጥ «ሮዝ» ቢኖርም ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የላትም። ከሷ የሚሠሩት ሽቶዎች ብዙዎቹ ጣፋጭ፣ ለስላሳና የሙሽራ ዓይነት ናቸው። ይኼኛው ግን የአበባዋን ክፉ ጠባይ ፊት አውራሪ አድርጎ ይልከዋል።

ክፉ ጠባይ ያልኩት ከውጭ የተጨመረባት አይምሰላችሁ። ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባል ነገር ራሷ አበባዋ ውስጥ አለ፤ ለጡንቻ ሕመም የምንቀባው ቅባት ያ የሚሰነፍጥ ሽታው የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንደ ቱቤሮዝና ጃስሚን (የኛው ጠንበለል) ያሉ ነጭ አበቦች ደግሞ ኢንዶል አላቸው። ኢንዶል ሲሳሳ አበባ አበባ ይላል፣ ሲበዛ ግን ሌላ ነው፤ እበት ውስጥም ይገኛል። እናቴ ደጃፍ ያለውን ጠንበለል አመሻሽ ላይ ጠጋ ብዬ ሳሸተው፣ ከጣፋጩ ሥር በረት በረት የሚል ነገር ሁልጊዜ ይመጣብኝ ነበር። ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አበባን እንዲህ ብሎ ማማት ነውር ይመስላላ!

ሽቶውን መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ልወረውረው ነበር። እናቴ «ልጄ፣ ጉንፋን ነው?» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን ያ ሁሉ ብርድና ጎማ ተገፈፈና ከሥሩ ነጭ አበባ ወጣ፤ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ትንሽ የሚያሰክር። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ሌላ ሽቶ አያምረኝም። ከሁሉ የምወደው ደግሞ መካከለኛዋን ደቂቃ ነው፤ ቅባቱ ገና ሳይሄድ አበባው መጣሁ ሲል።

ሁሌ ቤት ሆኜ፣ ከመውጣቴ ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር የምቀባው። የዚያን ቀን ረፍዶብኝ ስሮጥ ጀልባው መነሻ በር ላይ ሦስት ጊዜ ረጨሁ፤ ሁለቱን አንገቴ ላይ፣ አንዱን ነጠላዬ ላይ። ገላ ሽቶን አሙቆ ቶሎ ያሳልፈዋል፣ ጨርቅ ግን መጀመሪያውን ይዞ ይቆያል። ይኼን አውቅ ነበር። ግን ማን ረፍዶበት ያስባል?

አንድ ደቂቃ ያህል ዝም አልኩ። ኩራቴ ያዘኝ። ረዳቱ ሁለተኛውን ጣውላ ሲያነሳ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«የሚሸተው።»

ተንጠራርቶ የነጠላዬን ጫፍ ያዘና አሸተተ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አሸተተ።

«ይኼ ሽቶ ነው?»

«አዎ።»

«ገንዘብ ተከፍሎበት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሰው ሌሊቱን ማደያ ተሰልፎ ያድራል፣ አንቺ ተቀብተሽው ትሄጃለሽ!»

ረዳቱ ጣውላው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንግዶቹም ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። አንዲቷማ ነጠላውን ተቀብላ አሸተተችና ስሙን አስጻፈችኝ። ካፒቴኑ ግን አልሳቀም። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረኝ።

«ስሚ ልጄ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። አይታይም። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ያለኝ አፍንጫዬ ብቻ ነው። ዛሬ የሷ ሽቶ ነው ብዬ ካለፍኩ፣ ነገ እውነተኛው ሲመጣም የሷ ሽቶ ነው ብዬ አልፋለሁ።»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሽቶዬ ደስ አይልም ቢለኝ መልስ ነበረኝ፤ ለዚህ ግን መልስ አልነበረኝም። ነጠላዬን አውልቄ በፌስታል ቋጠርኩና የረዳቱን ጋቢ ተውሼ ለበስኩ። ጋቢው ዓሣ ዓሣ ይል ነበር፤ ስለሱ ማንም ቅር አላለው።

ዘጌ ስንደርስ ሌላ ዓለም ጠበቀን። ከሳምንት በፊት ዝናብ ጣል አድርጎ ነበርና ቡናው አብቦ ደረስን። ከጀልባ መውረጃው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በየቅርንጫፉ ነጭ አበባ ተደርድሯል። የቡና አበባ ሁለት ሦስት ቀን ነው ዕድሜው፣ ሽታው ጃስሚን ይመስላል፤ ጫካ ሙሉ ሲሆን ራስን ያዞራል። አንገቴ ላይ ያለው ሽቶም በዚያው ሰዓት ጠባዩን አሳምሮ ነበር። የትኛው ከኔ፣ የትኛው ከዛፉ እንደሚመጣ መለየት አቃተኝ።

መንገድ ዳር ትንንሽ የታንኳ ቅርጽ የምትሸጥ ሴት ሳልፍ ቀና አለች።

«እቴ፣ ቡናው ሥር ነው እንዴ ያደርሽው?»

«ቅድም እኮ ቤንዚን ነበረች!» አለ ረዳቱ ከኋላዬ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዕጣኑ ሁሉንም ዋጠው።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ቢሮ ደርሶ ጠበቀኝ። አለቃዬ ጀልባ ላይ ሽቶ ክልክል ነው ብሎ ለሁላችንም አወጀ፤ በኔ ጦስ ባልደረቦቼም ተከለከሉ። አንዷ እስከ አሁን አኩርፋኛለች፤ የሷ ጽጌረዳ ነው፣ ከቤንዚን ጋር ምን ያገናኘዋል ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን ጽጌረዳም ቢሆን ሲበዛ ቤንዚኑን ይሸፍነዋል። አሁን የኔን የምቀባው ማታ ነው፣ ከሥራ መልስ። ቱቤሮዝም ቢሆን ሽታዋ የሚበረታው ሲመሽ ነውና አልተቀያየምንም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ዘጌ ስንሄድ ካፒቴኑ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። ምንም አልጠየቀኝም። ነጠላዬን ዘረጋሁለት። አሸተተ፤ ሳሙና ብቻ ነው። ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። የጀሪካኑ ክዳን ላልቶ ነበር።