በሩን የዘጉት ሴቶች

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ማታ

ነገ የመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራችን ምርጫ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሊቀመንበራችንን ደግሜ እንደምመርጥ ስናገር ሰነበትሁ። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ተደራድሮ የደመወዝ ጭማሪ ያስገኘልን እርሱ ነው። ጭማሪው ግን ለቋሚዎች ብቻ ነበር። ጭማሪው በተነገረበት ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጡት፣ በስፌት ክፍል ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ብቻ ነበሩ። «የኮንትራት ልጆቹስ?» አሉና ተቀመጡ። እኔ ለጭማሪው አጨበጨብሁ።

ዛሬ ሐሳቤ ግዳንስክ ዋለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1980 በዚያች የፖላንድ ከተማ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኛው ያደመው፣ ለጡረታ አምስት ወር ሲቀራት የተባረረችው የክሬን ሠራተኛ አና ቫለንቲኖቪች ትመለስ ብሎ ነው። መሪው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሌክ ዋሌሳ፣ ሲናገር ሕዝብ የሚያስነሣ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን የ1,500 ዝሎቲ ጭማሪ ሲፈቀድ አድማው አበቃ ብሎ አወጀ፤ ሠራተኛውም ወደ ቤቱ ጎረፈ። ከትንንሽ መሥሪያ ቤቶች አብረው ያደሙት ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የትራም ነጂዋ ሄንሪካ ክሺቮኖስ ብትተዉን እናልቃለን ብላ ጮኸች። አና እና ነርሷ አሊና ፒየንኮቭስካ ወደ በሮቹ ሮጠው የሚወጣውን ሰው ተማጸኑ፣ በር አዘጉ። ብዙው ሄዷል፤ የቀሩት እዚያው አደሩ። ዋሌሳም ቃሉን አጥፎ ከእነርሱ ጋር ቀረ። ይህን አላቀልበትም፤ በሕዝብ ፊት ያወጁትን መሻር ከባድ ነው። ኦገስት 31 ነፃ ማኅበር የማቋቋም መብት ሲፈረም ብዕሩን የያዘው እርሱ ነበር። እኔ ግን ከብዕሩ ይልቅ ያ በር ከዓይኔ አልጠፋም።

ደጋ ዳሞት ሳድግ፣ በወንፈል ጤፉን አሳርሞ የባልንጀራው ተራ ሲደርስ ወገቤን አመመኝ የሚል ሰው ነበር። አባቴ አይሰድቡትም፤ በሚቀጥለው ዓመት አይጠሩትም እንጂ። በዚያ ስብሰባ ሳጨበጭብ የእኔ ማሳ ታርሞልኝ ነበር።

ከእትዬ ቤት አሁን መመለሴ ነው። ነገ ልጠቁምዎት አልኋቸው። «ንግግር አላውቅም፣ ልጄ» አሉኝ ቡናውን እየቀዱ። ሦስተኛውን ስኒ እስክንጠጣ ዝም አሉ። ከዚያ «የልጆቹን ነገር አስቀድሜ እንደማነሣ ለሁሉም ንገርልኝ። በኋላ አታለለችን እንዳይሉ» አሉ።

ስልኬን አንሥቼ መደወል ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ የደወልሁት ለሊቀመንበራችን ነው።