የመጀመሪያው ዙር የውሃ ሙሌት በእኔ ቤት

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ በተመረቀበት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ከብቦ በተቀመጠበት ሰዓት፣ አማቴ ስልክ ደውለው ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ «ልጄ፣ ያንተው የተመረቀው በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ሳልወድ «ሐምሌ 16 ቀን 2012» ብዬ መለስሁላቸው። «እንግዲያው መንግሥትን በአምስት ዓመት ቀድመኸዋል» አሉና ስልኩን ዘጉት። ነገሩን ሌላው ሰው እንዳሻው እየጨመረበት ከሚያወራው እኔው ራሴ እንደ ሆነው አድርጌ ብጽፈው ይሻላል ያልሁት ያን ዕለት ነው።

በጎዛምን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የምኖር አናጢ ነኝ። በባሕር ዛፍ ቤት አቆማለሁ፣ ቆርቆሮ እመታለሁ፣ ከዋንዛ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተሰበረ ሞፈርና የላላ አልጋ መጠገንም አልንቅም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሰው ቤት ስሠራ ስለምከርም በገዛ ቤቴ የምገኘው እንደ እንግዳ ነው። ባለቤቴ ይህን ኑሮዬን ለመግለጽ ብዙ ቃል አታባክንም፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ትላለች። ተረቱ ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል፤ ግንድ ይዤ መዞሬ እውነት ነው፣ ማደሪያዬም ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል።

ለምን እንደሚያፈስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ መግባት ያለበት በጉብታው አናት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ውሃው የሚወርደው በጉብታዎቹ መካከል ባለው ቦይ ነው። ይህን ቤት ስሠራ ግን ገና ጎረምሳ ነበርሁ። ቦዩ ላይ ሲመታ ቆርቆሮው ከማገሩ ጋር ጥብቅ ብሎ ስለሚገጥምና መዶሻውም ስለማያንሸራትት፣ ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ግማሹን ጣሪያ በቦዩ በቦዩ መታሁት። ማገሩም ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነበር፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ የያዘውንም ሚስማር ይለቅቃል። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ እየተለጠጠ ሌሊት በብርድ እየተሰበሰበ ሲኖር የሚስማሩን ቀዳዳ ከዓመት ወደ ዓመት እያሰፋው ሄደ። በዚህ ሁሉ ላይ፣ እስካሁን ለማንም ሳልናገረው የኖርሁትን ልናዘዝና፣ ያን ጊዜ ሱቅ ገብቼ ባለ 32 እና ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ሲቀርብልኝ፣ ቁጥሩ የሚበልጠው ጠንካራ መስሎኝ 35ቱን መርጬ ነበር። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዋጋው መርከሱ እንኳ አላጠራጠረኝም፤ ባለ ሱቁ የወደደኝ መስሎኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ከጮቄ ተራራ በኩል እያጉረመረመ ሲመጣ፣ የሁለት ሰው ቤት ጀምሬ ስላልጨረስሁ ለራሴ ጣሪያ ጊዜ አጣሁ። ሰኔ ከገባ ወዲያ ደግሞ እንዲያ የሳሳና የረጠበ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው ሕይወቱን የጠላ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጊዜው የሚሆን መላ ፈጠርሁ። በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ ገዝቼ ከጣሪያው ሥር፣ ከመደቡ በላይ፣ ዳር ዳሩን በሲባጎ ከማገሩ ጋር አሰርሁት፤ ወደ ኋላ ግድግዳ ዘንበል አደረግሁት፤ ግድግዳውን በስቼም የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ አሸንዳ አወጣሁለት። ጣሪያው ያፈሰሰው ውሃ ላስቲኩ ላይ ያርፋል፣ በቀርከሃው በኩል ወደ ጓሮ ይወርዳል። አሁንም ቢሆን የአሠራሩን ነውር አላየሁበትም።

ባለቤቴ ስለ ቀዳዳው ጠየቀችኝ። ከዓመት ዓመት «ዘንድሮ ጣሪያውን እጠግነዋለሁ» እያልሁ ስምል ለኖርሁት ሰው እውነቱን መናገር አሳፍሮኝ፣ «ቤቱ እንዲተነፍስ ነው» አልኋት። ሌላ ጥያቄ አላነሣችም። ሁሉም ነገር የተበላሸው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ሐምሌ 16 የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። ያ ዓመት የኮሮና ዓመት ስለ ነበር፣ በአዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ማኅበርተኛው ሁሉ በየቤቱ ይቅርና ጽዋው ባዶ ቤት እንዳያድር ጥቂት ሰው ብቻ ይምጣ ተባለ። የመጡትም የንስሐ አባቴ ቄሱ፣ ጽዋውን ተረክቦ የሚቀጥለውን ወር የሚደግሰው ጎረቤቴ መምህሩ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ የሆኑት አማቴም ነበሩ። ከእኔ ጋር አራት ሆንን፤ ባለቤቴ ወጥ ቤት ስለ ሆነች አልተቆጠረችም። አዋጁን ስለ ማክበር ከተነሣ ከእኛ የሚበልጥ አልነበረም፤ ተራርቀን ነው የተቀመጥን። ቄሱ በሩ አጠገብ፣ መምህሩ መካከል፣ አማቴ ደግሞ እንደ ክብራቸው በመደቡ ጫፍ ላይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተሰየሙ። ከበላያቸው ላስቲኩ ነበር።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲዞር ወሬው ወደ ዓባይ ሄደ። የመጀመሪያው ዙር የውሃ ሙሌት መጠናቀቁ በሬዲዮ ከተነገረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ስለ ነበር በዚያ ሰሞን ሰው ስለ ሌላ ነገር አያወራም ነበር። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ቦንድ ከገዙት አንዱ እኔ ነኝ፤ እናም ጉዳዩን እንደ ባለ ድርሻ ነው የምከታተለው። መምህሩ ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ስለ ተዘጋ የሚያስተምረው አጥቶ የከረመ ሰው በመሆኑ እኛን እንደ ክፍል ቆጠረን። «የተያዘው 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ግድቡ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ይይዛል» ሲል ጀመረ።

አማቴ «ታዲያ በአንድ ክረምት ለምን አይሞሉትም?» አሉ።

«አባባ፣ ዓባይ ከአገር የሚያወጣው ውሃ በዓመት በአማካይ 50 ቢሊዮን ግድም ነው። አንዲት ጠብታ ሳናሳልፍ ብንይዘው እንኳ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። ታችኞቹ አገሮችስ ምን ይጠጡ?»

ይህን ለማስረዳት መምህሩ እኛኑ በካርታ ላይ አስቀመጠን። እኔ የቤቱ ባለቤት ስለ ሆንሁ ኢትዮጵያ ሆንሁ፣ ቄሱ ሱዳን ሆኑ፣ በመደቡ ጫፍ የተቀመጡት አማቴ ደግሞ ግብጽ ደረሰቻቸው። በዚህ ክፉኛ ተቆጡ። «በስተርጅና ግብጽ ልታደርገኝ ነው?» ሲሉ፣ መምህሩ «ሙሴ ስለሆኑ ነው፤ ሙሴ የተወለደው ግብጽ አይደለምን?» ብሎ አሳቃቸውና ተቀበሉት። ከዚያም በ1959 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግብጽና ሱዳን እኛን ሳይጠሩ ውሃውን እንዴት እንደ ተካፈሉት፣ ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ጠላውን በኩባያ እየከፈለ አሳየን። ለኢትዮጵያ ባዶ ኩባያ ሰጠኝ። ትምህርቱ ገባኝ፤ ግን ጠላው የተጠመቀው በእኔ ቤት ነበር።

ዝናቡ መውረድ ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ያን ጊዜ ቀና ብዬ ላስቲኩን አየሁ።

ላስቲኩ ሆድ አውጥቷል። ዘንበል ብሎ ወደ ቀርከሃው መውረድ የነበረበት ውሃ ወደየትም አልሄደም፤ መካከሉ ላይ ተጠራቅሞ እንደ ደረሰች ላም ሆድ ተንዘርጥጦ ከአማቴ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርሁ፤ ቆይቶ ሲባጎው ሲጥጥ ስሰማ ግን መጠራጠር ተውሁ። ጓሮ ወጥቼ ቀርከሃውን እንዳላየው ዶፉ ይወርዳል፣ እንግዳ ትቶ መውጣትም ነውር ነው። መዶሻ አንሥቼ አንድ ነገር እንዳልሠራ ቀኑ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ የንስሐ አባቴም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አማቴን «እባክዎ ከዚያ ይነሡ» እንዳልል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ለአናጢ የዳሩት «ቤቷ እንኳ አያፈስባትም» ብለው መሆኑን በሰርጋችን ቀን በሰው ፊት ተናግረዋል።

በዚህ መካከል ውይይቱ ቀጥሏል። ቄሱ የግሽ ዓባይን ነገር አነሡ፤ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው በኋላ ውሃ ሳይነካቸው እንደ ተቀበሉ ሲነገር የኖረውን ተረኩልን። አማቴ «ውሃ አደራ ይጠብቃል ማለት ነው» አሉ። ላስቲኩ በዚያው ቅጽበት አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ።

መምህሩ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «እስቲ አንተ ባለሙያ ነህ፤ ውሃው ከልክ በላይ ቢሞላስ ግድቡ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ማስተንፈሻ አለው» አልሁ፤ ድምፄ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልሁም። ባልዲ አነሣሁ፤ ፋኖሱን የማስተካክል መስዬ ዱካ ላይ ወጣሁ። ሐሳቤ በላስቲኩ ዳር ላይ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቼ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ባልዲው ማውረድ ነበር። የተወጠረ ላስቲክ ግን ትንሽ ቀዳዳ የሚባል ነገር አያውቅም። ቢላዋው ገና ከመንካቱ ጠርርር ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ፤ ከሰኔ ጀምሮ የተጠራቀመው የጣሪያ ጥላሸት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የክረምቱ ውሃ በአንድነት በግብጽ ላይ ወረደ።

የኦሪቱ ሙሴ ባሕሩ ግራና ቀኝ ተከፍሎለት በደረቅ ምድር እንደ ተሻገረ አንብቤአለሁ። የእኛ ሙሴ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። ውሃው ከራሳቸው ጀምሮ ነጩን ጋቢ እንደ ሐምሌ ዓባይ አደፍርሶት፣ መደቡን አጥቦ፣ መምህሩን እስከ ጉልበቱ አርሶ፣ ቄሱ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ሱዳን የደረሳት እጅግ ጥቂት ነበር። ቄሱ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «አልነካውም» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ዱካው ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜአለሁ። ባልዲው ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባም።

አማቴ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከጢማቸው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል አነሡ፤ ቅጠሉን አገላብጠው አዩት። በመጨረሻም በተረጋጋ ድምፅ «መምህር፣ ይኸኛው ስንት ቢሊዮን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ከወጥ ቤት ስትሮጥ መጣች። አባቷን አየች፣ ላስቲኩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያም «ቤቱ የሚተነፍሰው እንዲህ ነው?» አለችኝ። ለካ ከሁለት ሳምንት በፊት አይጥ በቀርከሃው በኩል እየገባ እህሉን ሲያበላሽባት በጨርቅና በጭቃ ጥርቅም አድርጋ ደፍናዋለች። ምርጉን በኋላ ሄጄ አየሁት፤ ጭዱ በደንብ የተቦካ፣ ያልተሰነጠቀ ጥሩ ምርግ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ሥራ የተገኘው የእሷ ብቻ ነው።

አማቴ የእኔን ሱሪና ኮት ለብሰው፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀርቶ፣ በሰፈሩ መካከል አልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ሱሪ ያየ ሁሉ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ መምህሩም ማስረዳት አይሰለቸውም። በሳምንቱ ቤቴ ግድቡ በሚገኝበት ቦታ ስም «ጉባ» ተብሎ ተሰየመ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ልጁን ወደ እኔ ሲልክ «ጉባ ሂድና አናጢውን ጥራልኝ» ይላል። ቤት ሊያሠሩ የሚመጡትም ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ከመነጋገራቸው በፊት «ማስተንፈሻው በየት በኩል ነው?» ሳይሉኝ አያልፉም። መምህሩማ ነሐሴ 16 ተራው ከመድረሱ በፊት ጣሪያውን እንዳይለት ከፍሎ ወሰደኝ፤ በደረቁ ሰዓት ጠብቄ በመሰላል ወጥቼ አየሁለት። አንድም የሚያፈስ ቦታ አልነበረውም። ቤቱን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ሚስማሩ ሁሉ በጉብታው ላይ ነው።

በጥቅምት፣ የሰው ሥራ ሳልጀምር፣ የራሴን ጣሪያ ገለጥሁ። ባለቤቴ ከሥር ቆማ የማወልቀውን ሚስማር በቆርቆሮ ጣሳ እየተቀበለች በቦዩ የተመታውን ለብቻ፣ በጉብታው የተመታውን ለብቻ ቆጠረች፤ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ማገሩን በደረቀ ባሕር ዛፍ ለወጥሁ፤ ቆርቆሮውንም በባለ 32 ጌጅ ቀየርሁ፤ ቦንዱን ሳልነካ ብድር ገባሁ። አዲሱ ጣሪያ በተጠናቀቀ ማግሥት አማቴ ይቅርታዬን ተቀብለው ሊመርቁልን መጡ። ሰማዩ እንደ ጥቅምት ሰማይ ጥርት ብሎ አንዲትም ደመና አልነበረበትም። ገብተው በመደቡ ጫፍ ላይ፣ በዚያችው በቀድሞ ቦታቸው ተቀመጡ፤ ቀና ብለው አዲሱን ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ፤ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጠላቸውን ተቀበሉ።