ወዘተ ውስጥ ምጣድ አለ ወይ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምኖረው። በቀን ስንቴ «ወዘተ» እንደምጽፍ ቆጥሬ አላውቅም። ጣቴ ራሱ ለምዶታል። ምን ማለት እንደሆነ ግን ጉድ እስኪያመጣብኝ ድረስ አስቤውም አላውቅ።

ነገሩ የቤት ኪራይ ውል ነበር። አከራይዋ ቤቱን ከነዕቃው ነው የሚያከራዩት። እኔም ቸኩዬ «ተከራይ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛ እና ወ.ዘ.ተ. ተረክቧል» ብዬ ጻፍኩ። ፈርመው ሄዱ። ከዓመት በኋላ ተከራዩ ቤት ሲለቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክሞ ሊወጣ ሆነ። እሳቸው «የቤቱ ነው» አሉ። እሱ «በገንዘቤ የገዛሁት ነው» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ተጠራሁ። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና «አንተ ልጅ፣ እዚህ ወዘተ ውስጥ ምጣድ አለ ወይ?» አሉኝ። ምን ልበል? ላብ በላብ ሆንኩ።

የምጣዱን ግምት ለሁለት ተካፍለው ታረቁ። እኔም የጽሕፈቱን ዋጋ መለስኩ።

በዚያው ሰሞን ዋሸራ ቅኔ የተማሩ አንድ መሪጌታ ደብዳቤ ሊያስጽፉ መጡ። ነገሩን አጫወትኳቸው። ስቀው ሲያበቁ እስክሪብቶዬን ተቀብለው በአሮጌ ወረቀት ጀርባ «ወዘተርፈ» ብለው ጻፉ።

«እይ ልጄ፣ ግእዝ ነው። ‹ወ› ማለት ‹እና› ነው። ‹ዘ› ማለት ‹የ›። ‹ተርፈ› ደግሞ ‹ተረፈ›፣ ‹ቀረ›። ‹የቀረውም› ማለት ነው። አንተ ‹እና ወዘተ› ስትል ‹እና እና የቀረው› አልክ።»

«ነጥቡስ፣ የኔታ?»

«የተቆረጠው ‹ርፈ› ብቻ ነው። ‹ወ› እና ‹ዘ› ምናቸው ጎደለና ነጥብ ትሰካባቸዋለህ?»

እውነታቸውን ነው። ሦስት ነጥብ የሚያደርገው ሰው ብዙ ስለሆነ በዚህ ከማንም አልጣላም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ወዘተ» ብዬ አልፋለሁ። «እና»ውንም ትቻለሁ። ከፊቱ «ለምሳሌ» ካለም አልጨምረውም፤ «ለምሳሌ» ያልኩት ሁሉንም እንዳልዘረዘርኩ ተናግሮ ጨርሷል።

ዋናው ግን ሌላ ነው። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወዘተ» ብል የቀረውን ሕፃን ልጅ ይሞላዋል። «ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ ወዘተ» ብልም የጎጃም ገበሬ አይቸገርም። አልጋና ቁም ሳጥን ጠርቼ ወዘተ ስል ግን የቀረውን የሚያውቀው ማነው? ያ ወዘተ ሳይሆን የጽሑፍ «ምናምን» ነው። በሰው ስም ዝርዝር ላይም አልወደውም። ማን «የቀረው» መባል ይፈልጋል?

በስም ላይ ያለችው እዝባርም (/) ሰው ታጣላለች። ንጉሥ ተ/ሃይማኖት ቢባል እዚህ አገር ተክለ ሃይማኖት መሆኑ ለማንም አይጠፋም። ወ/ማርያም ግን ወልደ ይሁን ወለተ በምን ይለያል? ውል ላይ ሙሉውን እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የዕቃ ዝርዝር እያስጻፈ «ሌላውን ወዘተ በለው» አለኝ። «ወዘተው ምን ምን ነው?» አልኩት። «ኧረ ኢምንት ነው!» ብሎ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ጀሪካን፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ መሶብ፣ የብረት ድስት… ግማሽ ገጽ ወጣው። ምጣድም ነበረበት።