ለብሉዝና ለሮክ የሚሆን ቲዩብ አምፕ፦ ጎጃም ሆኖ ለሚመርጥ ጊታሪስት

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ጊታሪስቶች በተሰባሰቡበት የአምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ነገር ከተነሳ ክርክሩ ቶሎ አይበርድም። አንዱ ፌንደር ይላል፣ አንዱ ማርሻል፣ ሌላው ቮክስ። ይህ ማስታወሻ ከዚያ ሁሉ ክርክር እስካሁን የጠራውን ይዟል። የብራንዱ ስም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አምፑ ለስንት ቮልት እንደተሠራ፣ በምትጫወቱበት ክፍል ድምፁ መሻከር (ዲስቶርሽን) የሚጀምረው ምን ያህል ሲጮኽ እንደሆነ፣ ከዚያም የኃይል ቲዩቦቹ (ስፒከሩን የሚነዱት የመስታወት ቲዩቦች) ዓይነት ነው። ቅደም ተከተሉ በምክንያት ነው፤ መብራቱ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

መጀመሪያ መብራቱ

ቲዩብ አምፕ ብዙ ጊዜ እጃችን የሚገባው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአውሮፓ ወይም ለዱባይ ገበያ የተሠራው ግን ያለ ጣጣ ይሠራል። ስለዚህ ገና ሳይገዛ «ከጀርባው 230 ቮልት የሚለውን አምጣልኝ» ብሎ መላክ ከሁሉ ይቀላል። የሻንጣውንም ነገር አስቡ፦ ብሉዝ ጁኒየር 14 ኪሎ፣ ዴሉክስ ሪቨርብ 19 ኪሎ ገደማ ነው። ትዊን ሪቨርብ ወደ 29 ኪሎ ስለሚመዝን በተለመደው 23 ኪሎ ሻንጣ አይታሰብም።

የ120 ቮልቱ ከመጣ ደግሞ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። 110 ማነሱ አያስጨንቅ። የቲዩቡ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ በ110 ሲሠራ 5.8 ገደማ ያገኛል፣ ይህም ከሚፈቀደው የ10 በመቶ ልዩነት አይወጣም። እንዲያውም ይጠቅማል፦ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ብረቱ 20 በመቶ ተጨማሪ መግነጢስ ይሸከማል፤ ቮልቱ 110 ሲሆን ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። አስጊው መስመሩ 240 ሲደርስና አምፑ ሙሉ 120 ሲያገኝ ነው። አንድ ሰዓት ያህል አብርታችሁ ሶኬቱን ንቀሉና የአምፑን ትራንስፎርመር በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ፈጽሞ የማያስነካ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ በዚያ አትቀጥሉ። 22 ዋት የሚያወጣ አምፕ ከመስመሩ ከ100 ዋት በላይ ስለሚስብ የሚያወርደው ትራንስፎርመር ቢያንስ 300 ዋት ይሁን። የመሬት መስመሩን የማያሳልፍ፣ ሁለት እግር ብቻ ያለው ከሆነ አትግዙት።

ለ230 የተሠራ አምፕ ከ207 እስከ 253 ቮልት ችሎ ይሠራል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያበራ መስመሩ 190 ከገባ ግን ማሞቂያው 5.2 ቮልት ብቻ ያገኛል፤ ድምፁ ይላላል፣ ቲዩቡም ሳይሞቅ እየተሳበ ዕድሜው ያጥራል። ስታቢላይዘር (ቮልቱን የሚያረጋጋ ዕቃ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሚያወርድ ትራንስፎርመር ካለም ስታቢላይዘሩ ከእሱ በፊት ይገባል። ሪሌ ያለው ዓይነት ቮልት ሲቀያይር በስፒከሩ ቀጭ ይላል፤ ሞተር ያለው ይወደዳል እንጂ ዝም ይላል። ሁለቱንም ከጊታሩ ሁለት ሜትር ያህል አርቁ፤ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ የጊታር ድምፅ ተቀባይ) የትራንስፎርመር መግነጢስ ይስባል። መብራት ሲጠፋ አምፑን ወዲያው አጥፉ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ መስመሩ የሚዘለው ያኔ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር ላይ ደግሞ ቲዩብ አምፕ አትሰኩ፤ ሞገዱ ለስላሳ ስላልሆነ ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፣ ይግላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመሬት መስመር ነው። የጊታሩ ክር በኬብሉ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ማይኩም ከሚክሰሩ ጋር። ሁለቱ የተለያየ መሬት ላይ ከሆኑ እየዘፈነ የሚጫወት ሰው በከንፈሩና በእጁ መካከል መብራት ያልፍበታል። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በጊታሩ ክር፣ ሌላውን በማይኩ ወንፊት ላይ አሳርፉ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ማንም አይዝፈን። አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት አስነሱ፤ አሁንም ካሳየ መስመሩ መሬት የለውምና ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን እግር መቁረጥ የሚባል ዘዴ አለ። ሰው የሚገድል ዘዴ ነው።

ስንት ዋት?

ለጆሮ እጥፍ የሚጮኽ ድምፅ ለማግኘት ዋቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ «100 ዋት ይሻላል» የሚለው ጉራ ለአዝማሪ ቤት አይሠራም፤ እዚያ 100 ዋቱን ከቮሊዩም 2 በላይ የሚያስኬድላችሁ የለም፣ የኃይል ቲዩቦቹም ሳይነቁ ያመሻሉ። የቲዩብ አምፕ ጣዕም የሚወጣው እነሱ ሲጨናነቁ ነው። ከበሮና ክራር ብቻ ላለበት ጠባብ ቤት 5 ዋት ይበቃል። ድራም ሲገባ ከ15 እስከ 22። ለሆቴል አዳራሽ ያንኑ አምፕ ይዞ እንደ ሹር ኤስኤም57 ያለ ማይክ ስፒከሩ መሐል ካለችው ጉልላት ጠርዝ ላይ ማቆምና ወደ ሚክሰር መላክ ነው።

ስፒከር መቀየርም ጩኸቱን ይለውጣል። የሴለስትየን ቪንቴጅ 30 ከግሪንባክ በ2 ዴሲቤል ያህል ይበልጣል፤ ዋቱን አንድ ተኩል እጥፍ እንደማድረግ ነው። ለጠባብ ቤት ግሪንባክ ይሻላል፣ ቶሎ ይለሰልሳል። የሚሸከመው 25 ዋት መሆኑ ግን አይረሳ።

የቲዩቦቹ ጠባይ

ለብሉዝ የመጀመሪያ ምርጫችን 6ቪ6 የሚባለው የኃይል ቲዩብ ነው። አንድ 6ቪ6 ያለው ቻምፕ 5 ዋት ይሰጣል፤ ሁለት ያለው ዴሉክስ ሪቨርብ፣ በ1963 የወጣው፣ 22 ዋት። ዴሉክሱ ቮሊዩሙ ከ4 እስከ 6 ሲደርስ መሻከር ይጀምራል፤ ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለው ጊታር ቀድሞ፣ ሲንግል ኮይል ዘግይቶ። በለስላሳ ሲመቱት ይጠራል፣ በኃይል ሲመቱት ይጮኻል፤ ብሉዝ የሚፈልገው ይህንን ነው። የመካከለኛው ድምፅ ቁልፍ የለውም፤ በቦታው የታሰረ 6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው ያለው። የፌንደር የቶን ሰርኪት በ400 ኸርዝ አካባቢ ይጎደጉዳል፣ ለዘፋኙና ለመሲንቆው ቦታ ይለቃል። ክፋቱ ሶሎ ሲመጣ ጊታሩ መጥፋቱ ነው። መድኃኒቱ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ፔዳል ነው፦ ድራይቩን ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ። ፔዳሉ 720 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያጎላ የጎደለውን ይሞላል።

ኢኤል84 የቮክስ ነው፤ ኤሲ15 ሁለት፣ ኤሲ30 አራት ይይዛሉ። ከመውጫው ወደ ኋላ የሚመለስ ማረሚያ ስለሌላቸው ድምፁ ብሩህና ግልጽ ነው፣ መሻከሩም በድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ ይመጣል። ብሉዝ ጁኒየርም ኢኤል84 ነው የሚጠቀመው፣ 15 ዋት፣ ጠባዩ ግን ፌንደር ነው። በዋጋም በክብደትም ለጀማሪ ይመቻል፤ ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ቲዩቦቹ ይግላሉ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ ነው፤ ስስ አየር እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም፣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት።

ለሮክ ኢኤል34። ማርሻል በ1962 ጄቲኤም45ን የሠራው የፌንደርን ቤዝማን መሠረት አድርጎ ነው፤ ኢኤል34 በኋላ የገባ ነው። ዛሬ ሮክ ስንል በጆሯችን የሚመጣው የ1981ዱ ጄሲኤም800 ዓይነት ድምፅ፣ መሐሉ የወፈረ፣ ባሱ የታሰረ፣ ከዚህ ቲዩብ ነው። ለእኛ ቤቶች የሚስማማው ዲኤስኤል20 ነው፦ ሁለት ኢኤል34፣ 20 ዋት፣ ወደ 10 የሚያወርድ ማብሪያ ያለው። ማስተር ቮሊዩም ስላለው ዝቅ ብሎም ይሻክራል፤ ያ ግን የቅድመ ማጉያው (ከኃይል ቲዩቦቹ በፊት ያለው ክፍል) እንጂ የኃይል ቲዩቡ ድምፅ እንዳልሆነ ልብ በሉ፣ ትንሽ ይቀጥናል። 6ኤል6 ደግሞ፣ ትዊን ላይ ያለው፣ ሳይሻክር የሚጮኽ ነው፤ ሁሉንም በፔዳል ለሚሠራ ካልሆነ ለብሉዝም ለሮክም አልመርጠውም።

ጌኑ (የማጉላት መጠኑ) የበዛባችሁ ከሆነ አምፑን ሳትከፍቱ የሚሠራ ርካሽ ማስተካከያ አለ። ከጊታሩ መግቢያ ቀጥሎ ያለውን 12ኤኤክስ7 የሚባለውን የቅድመ ማጉያ ቲዩብ አውጥታችሁ 5751 ክተቱ፤ የማጉላት አቅሙ ከ100 ወደ 70 ይወርዳል። 12ኤዋይ7 ደግሞ ወደ 45። እግራቸው አንድ ነው።

ቅኝትና ሻካራ ድምፅ

የውጭ መመሪያ የማይነግረን ክፍል ይህ ነው። ባቲ ማይነር ከብሉዝ አምስት ኖታ ጋር አንድ ነው፤ ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ስለዚህ ባቲ ማይነር በማንኛውም አምፕ፣ በማንኛውም ጌን ይሄዳል። አምባሰልና አንቺሆዬ ሌላ ናቸው፤ ግማሽ ድምፅ አላቸው፣ አምባሰል ላይ ሲና ዲ ፍላት፣ ጂና ኤ ፍላት ይጎራበታሉ። ሻካራ አምፕ ሁለት ኖታ ሲገባበት የድግግሞሻቸውን ልዩነት ራሱ ይፈጥራል። 220 እና 330 ኸርዝ፣ ማለትም ኤ ከኢ ጋር፣ 110 ይወልዳሉ፤ እሱም ኤ ነው፣ ይስማማል። ሮክ በአምስተኛ ድርብ የሚጫወተው ለዚህ ነው። 440 እና 466፣ ኤ ከቢ ፍላት፣ የሚወልዱት 26 ኸርዝ ነው፣ ይኸውም ዝም ብሎ ጉርምርምታ። እንግዲህ በአምባሰል፣ በአንቺሆዬና በትዝታ ማይነር ስትጫወቱ ክሮቹን ድርብ አትምቱ፣ የቀደመውን ኖታ በመዳፍ አፍኑ፣ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 6 ወይም 7 መልሱ።

ፈጣን ጭክጭካ ላይ ደግሞ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ይወስናል። 5ዋይ3 ቲዩብ ሲጫን ወደ 60 ቮልት ይጥላል፣ ጂዜድ34 ወደ 17፣ ዳዮድ ምንም ያህል አይጥልም። ቮልት የሚጥለው እያንዳንዱን ምት ትንሽ ያዘገየዋል፤ ለዝግተኛ ብሉዝ ያምራል፣ እስክስታ ሲሞቅ ግን ምቱ ይደባለቃል። ጂዜድ34 ወይም ዳዮድ ያለውን ውሰዱ።

ሲበላሽ

ያለ ስፒከር ቲዩብ አምፕ አይበራም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። 8 ኦም መውጫ ላይ 8 ኦም ስፒከር።

የሚጉረመረም ከሆነ ስድስተኛውን ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ምቱ። ያ ጂ 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ከሱ ጋር ከገጠመ 100 ኸርዝ ነው ማለት ነው፣ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ አርጅተዋል። በአንድ ኦክታቭ ከወረደ 50 ነው፤ የመሬት መስመር፣ የማሞቂያ ሽቦ ወይም ቅርብ የሆነ ትራንስፎርመር ፈልጉ። ቅድመ ማጉያ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ስትነኩ አንዱ ከደወለ እሱን ቀይሩ። በኃይል ቲዩቡ ውስጥ ያለው ሳህን ከቀላ ወዲያው አጥፉ፤ ባያሱ (የቲዩቡን የሥራ ፍሰት የሚወስነው ቮልት) ጠፍቷል ወይም ቲዩቡ ሞቷል። ቋሚ ባያስ ላለው የሚሠራው ልክ ከቲዩቡ አቅም 70 በመቶ ነው፦ ኢኤል34 25 ዋት ነው፣ 70 በመቶው 17.5፤ በ450 ቮልት ሲካፈል 39 ሚሊ አምፔር ገደማ ይሆናል።

ይህንን የሚለካ ሰው አምፑን ይከፍታልና፣ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ከ300 እስከ 450 ቮልት ይዘው እንደሚቆዩ ይወቅ። በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ወደ ቻሲው (የአምፑ ብረት አካል) አፍስሶ፣ በመልቲሜትር አረጋግጦ ነው ስታኞ የሚያነሳው። ይህን የማያውቅ አይክፈት።

የጣና ዳር ክረምት የቲዩብ ሶኬትና የጃክ መግቢያ ያዝጋል፤ ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ ካለ ቲዩብ ከመግዛታችሁ በፊት ኮንታክት ክሊነር ነፍታችሁ ቲዩቡን ደጋግማችሁ አውጡና መልሱ። ከአዲስ አበባ ስታስመጡ ቲዩቦቹ ተነቅለው፣ በየራሳቸው በጨርቅ ተጠቅልለው፣ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ተጽፎባቸው ይጓዙ፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የአባይ በረሃ ቁልቁለት ለመስታወት አይራራም። መለዋወጫ ስታዝዙ ሁለት ተመሳሳይ የኃይል ቲዩብ በጥንድ፣ አንድ 12ኤኤክስ7ና ዘግይቶ የሚቃጠል ፊውዝ ያዙ። ፊውዙ ለ120 ቮልቱ ዴሉክስ 2 አምፔር፣ ለ230ው 1 አምፔር ነው። ከዚያ የሚበልጥ ፊውዝ ሱቅ ውስጥ ሁሌም አለ፤ ከተቀበላችሁት ቀድሞ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው።