መረጃ ሰጪዎች

ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት፤ ምክንያቱን ብጠየቅ አላውቀውም። ዝናቡ ይሆናል፣ ሰኔም ይሆናል። ሰኔ ሲገባና ተማሪዎቹ ሻንጣ ማሰር ሲጀምሩ ግቢው ይከብደኛል። ከረፋዱ ጀምሮ የታሪክ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቆች ሳነብ ቆየሁ። የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው፤ ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ሰዎች፣ የመረጃ ሰጪዎች፣ ሠንጠረዥ ካለበት።

ስለ አንዲት የገበያ ከተማ የጻፈችው ልጅ ሠንጠረዥ ላይ ስደርስ እዚያው ቀረሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ መጨረሻ ላይ ጠባቧ የምርመራ ዓምድ። በአንድ የ83 ዓመት አዛውንት ስም ትይዩ፣ «አባታቸው የገበያውን ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር፤ የጨውና የቡናውን ንግድ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ስለ መሬት ክርክሩ ግን መናገር አይፈልጉም» የሚል ሐሳብ አስፍራለች። የመጨረሻዋን ሐረግ ደጋግሜ አነበብኳት።

እኛ መምህራን ወደዚያች ከተማ አንሄድም። የመስክ በጀቱም ጊዜውም የለም። ተማሪው ግን ለእረፍት አገሩ ሲገባ የሚያድረው በአክስቱ ቤት ነው፤ ሽማግሌውም የሚያውቁት የእገሌ ልጅ ብለው ነው። ለእንግዳ ተመራማሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚዘጉትን ጉዳይ ለጎረቤት ልጅ ቡና እስኪያልቅ ያወሩታል። ትንንሾቹ ከተሞቻችን ታሪክ ኖሯቸው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ የአገሩ ልጅ ለመመረቅ ሲል ስለጻፈላቸው ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው የየመጡበትን አገር ወግና ልማድ ይጽፉ ነበር፤ የመጽሔታቸው የመጀመሪያ እትም የ1953 ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተውና የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑት በ1963 ነው። ተማሪዎቹ አሥር ዓመት ቀድመዋል ማለት ነው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ስድስት ኪሎ ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ዘንድ፣ በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት፣ በታይፕ የተመቱትን የታሪክ ተማሪዎች ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ስለ ዘመናዊ ታሪካችን የተጻፉ ቁም ነገረኛ መጻሕፍትን የግርጌ ማስታወሻ የሚከታተልም እነዚህን ጽሑፎች ደጋግሞ ያገኛቸዋል።

የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ በዕድገቱ የሚያስቆጥረው በመጽሔት የታተመ ጽሑፉን ነው። የተማሪው ሥራ ከግርጌ ይገባል፤ ሽማግሌው ግን ከግርጌም አይገቡም። የተናገሩት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በከፍኛ፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፤ ልጆቻቸው እንኳ አባታቸው ያሉትን ፈልገው ቢያገኙ አያነቡትም። ቢያንስ አንድ ቅጂ ከአጭር የአገር ቋንቋ ማጠቃለያ ጋር ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለትምህርት ቤቱ ቢላክ ምን ይከብዳል? ከማንኛውም የምርምር ዐውደ ጥናት ይልቅ ይህን ባየው እወዳለሁ።

ድምፁስ? ድሮ በካሴት ነበር፤ ካሴቱ ከተማሪው ጋር ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ዘፈን ይቀዳበታል። አሁን በስልክ ነው፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት ንግግር ለጽሑፉ የሚያገለግለው ሁለት አንቀጽ ነው፤ የቀረው ሳቁ፣ ዝምታው፣ «ይሄንን አትጻፊው» የተባለው ሁሉ በዚያ ቅጂ ውስጥ ነው ያለው።

የድምፅ ቅጂዎቹን ሰብስበን በኮሌጃችን እናስቀምጥ የሚለውን ሐሳብ ለመጪው ስብሰባ ለማቅረብ ወረቀት ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ግማሽ ገጽ ላይ ያቺ የምርመራ ዓምድ ያዘችኝ። አዛውንቱ ያወሩት ለኮሌጅ አይደለም፤ ለሰፈራቸው ልጅ፣ «ልጄ» እያሉ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመሬት ክርክሩን የሚያጠና አንድ ሰው ድምፃቸውን ከፍቶ ዝም ያሉበትን ቦታ ቢመረምር ፈቃዳቸው ነው? ቅጹን ማስፈረም ይቻላል፣ ይፈርማሉም። ግን ላላዩት ሰው ጆሮ ፈቅደዋል ልበል? ካልተቀመጠ ደግሞ ማን ያስታውሳቸዋል?