ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለቂጥኝ፦ ብልቃጡን ከማንሳት እስከ 12ኛው ወር ምርመራ

የቂጥኝ ሕክምና በካርድ ላይ ሲጻፍ አንድ መስመር ነው፦ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ በጡንቻ፣ አንድ ጊዜ። ስህተቱ የሚገባው ከትዕዛዙ በኋላ ነው። የተሳሳተ ብልቃጥ ይነሳል፣ መርፌው ይደፈናል፣ ሁለተኛው ሳምንት ይዘለላል፣ የመነሻው ታይተር (በደም ምርመራ የሚለካው የፀረ እንግዳ አካል መጠን) ሳይመዘገብ ይቀራል። በመርፌ ክፍል፣ በፋርማሲና በቅድመ ወሊድ ክትትል ለምትሠሩ ባልደረቦች እስካሁን የደረስንበትን አሠራር እነሆ።

ከብልቃጡ እንጀምር። ቤንዛቲን፣ ፕሮኬይንና ክሪስታላይን ሦስቱም ፔኒሲሊን ናቸው፤ ሦስቱም ነጭ ዱቄት ሆነው በትንሽ ብልቃጥ ይመጣሉ። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ክሪስታላይን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል። የቂጥኝ ተህዋስ ደግሞ አንድ ጊዜ ለመከፈል 30 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ፔኒሲሊን የሚገድለው የሚከፈለውን ተህዋስ ስለሆነ መድኃኒቱ ዝቅ ባለ መጠንም ቢሆን ሳይቋረጥ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ደም ውስጥ መቆየት አለበት። ይህን በአንድ ቀን መርፌ የሚያደርገው ቤንዛቲን ብቻ ነው፤ ከጡንቻው ቀስ እያለ ለሳምንታት ይለቃል። መለያውን በችኮላ ማንበብ የትም ያጋጥማል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 ድረስ ቢሲሊን ኤል-ኤ (ቤንዛቲን ብቻ ያለበት ምርት) መሰጠት ሲገባው ስሙ የሚመሳሰለው ቢሲሊን ሲ-አር የተሰጣቸው የቂጥኝ ታካሚዎች ነበሩ። ሲ-አር ግማሹ ፕሮኬይን ስለሆነ ታካሚዎቹ ያገኙት የቤንዛቲን መጠን ግማሽ ነው። ስለዚህ «ፔኒሲሊን» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ትዕዛዝ አትቀበሉ፤ ወደ ጻፈው ሰው መልሱት። ብልቃጡ ላይ «ቤንዛቲን» የሚለውን ቃልና የዩኒቱን መጠን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ካርዱን ይመልከት። ባለ 1.2 ሚሊዮን ብልቃጥ ከሆነ ሁለት ያስፈልጋል። ይህን መርሳት ግማሽ መጠን መስጠት ነው፣ በተግባርም ደጋግሞ ይታያል።

ከመበጥበጡ በፊት ስለ አለርጂ መጠየቅ አለ። «ፔኒሲሊን ይስማማዎታል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያለምክንያት ያስቀራል። ይልቅ «ከዚህ በፊት ሲወስዱ ምን ሆኑ? ከስንት ሰዓት በኋላ?» በሉ። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ አለርጂ አይደለም። በሰዓት ውስጥ የወጣ ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከተነገራችሁ ቁሙ። በአንዳንድ ቦታ በቆዳ ውስጥ የሚደረገው የሙከራ ጠብታ ሁሉንም አለርጂ አይዘውም፤ «ሙከራው ነጌቲቭ ነው» ብሎ አድሬናሊን ሳያዘጋጁ መውጋት ትልቅ ጥፋት ነው። 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር የሆነ አድሬናሊንና ሲሪንጅ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር በጭኑ የፊት ውጫዊ ጎን ጡንቻ ውስጥ ይሰጣል፤ ለውጥ ከሌለ በ5 ደቂቃ ይደገማል። ታካሚው ከመርፌው በኋላ 30 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ይቆይ።

አሁን ወደ መበጥበጡ። ለ2.4 ሚሊዮን ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ የመርፌ ውሃ ይገባል፤ ከምርት ምርት ስለሚለያይ የመጨረሻው ዳኛ አብሮት የመጣው ወረቀት ነው። ውሃ መቆጠብ ያከስራል። ሲያንስ ዱቄቱ ብልቃጡ ታች ተጣብቆ ይቀራል፣ የተቀዳውም መርፌው ውስጥ ይደፈናል። ውሃውን ካስገባችሁ በኋላ ብልቃጡን በመዳፋችሁ መካከል አንከባሉት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ታቹን ተመልከቱ፤ ነጭ ጉብታ ካለ ቀጥሉ። በኃይል ከተናጠ አረፋ ስለሚይዝ ልኩ ይሳሳታል። የሚገኘው እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ነው፤ ዱቄቱ አይሟሟም፣ ተንሳፎ ነው የሚቆየው። ለዚህ ነው ቀድቶ ማስቀመጥ የማይቻለው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘቅጣል።

በአንድ መርፌ ቅዱ፣ ለመውጋት በአዲስ ለውጡ። ቁጥሩ 21 ወይም ከዚያ የወፈረ ይሁን፤ በቀጭን መርፌ ግማሽ መንገድ ላይ ይደፈናል፣ ታካሚውም ድጋሚ ይወጋል። መጠኑ ብዙ ስለሆነ ለሁለት ተከፍሎ በቀኝና በግራ ይሰጣል። የዳሌው ጎን ይመረጣል፤ መቀመጫ ላይ ከሆነ የላይኛው ውጫዊ ሩብ ብቻ፣ ምክንያቱም ወደ ውስጥና ወደ ታች ሲጠጋ ትልቁ የእግር ነርቭ አለ። ክንድ ላይ አይሰጥም። መርፌው ከገባ በኋላ ወደ ኋላ ሳቡና ደም አለመምጣቱን እዩ። ይህ መድኃኒት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብና ትንፋሽ ያቆማል፣ ይገድላል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ግን ሳትቆሙ ግፉ፤ እጅ መሃል ላይ ሲያርፍ ነው የሚደፈነው። ቦታውን አትሹት።

ታካሚውን ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩት። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ቁስሉ ወይም ሽፍታውም ሊብስ ይችላል። ይህ የሞቱ ተህዋስያን የሚያስነሱት ምላሽ ነው፣ አለርጂ አይደለም፤ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ይበቃዋል። ይህ ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ መረዘኝ» ብሎ ቀጣዩን ቀጠሮ ይተዋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ምጥ የሚመስል ቁርጠት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየች ወዲያው እንድትመጣ ንገሯት።

አንድ ጊዜ የሚበቃው ለማን ነው? ቁስል፣ የሁለተኛ ደረጃ ሽፍታ፣ ወይም ከተያዘ አንድ ዓመት ያልሞላው መሆኑ ለተረጋገጠ። መቼ እንደተያዘ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንድ፣ ለ3 ሳምንት፣ በድምሩ 7.2 ሚሊዮን ዩኒት። ኤችአይቪ ቢኖርም መጠኑ ያው ነው። የዓይን እይታ የደከመ፣ መስማት የቀነሰ ወይም የነርቭ ምልክት ያለው ሰው ግን በቤንዛቲን አይታከምም፤ ወደ አንጎል ፈሳሽ በበቂ አይደርስምና ለክሪስታላይን ወደ ሆስፒታል ይላክ፤ እዚያ በቀን ከ18 እስከ 24 ሚሊዮን ዩኒት በደም ሥር ለ10–14 ቀን ይሰጠዋል።

ነፍሰ ጡር ላይ ድርድር የለም። ለእሷና ለጽንሱ የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን እንግዴ ልጁን በበቂ አያልፉም፣ ዶክሲሳይክሊን በእርግዝና አይሰጥም። ፈጣኑ ምርመራ ፖዘቲቭ ባለበት ቀን የመጀመሪያውን ስጡ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ይምጣ ብሎ መመለስ ብዙ እናቶችን ያሳጣል። ሕክምናው ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መጀመር አለበት። እርጉዝ ላልሆነ አለርጂ ላለበት ሰው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ለመጀመሪያ ደረጃዎች 14 ቀን፣ ለቆየው 28 ቀን። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለከርክር (ሌላው የብልት ቁስል የሚያመጣ በሽታ) ይሠራል፣ ለቂጥኝ ምንም አያደርግም፤ የብልት ቁስል ላይ ሁለቱ አብረው የሚታዘዙት ለዚህ ነው።

ክትትሉ ላይ ብዙ ካርድ ባዶ ነው። ፈጣኑ ምርመራ ከዳኑም በኋላ ለብዙዎች ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ «አልዳንኩም» ብሎ የመጣን ሰው በዚህ ውጤት ደግሞ መውጋት ስህተት ነው። መለኪያው አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል የተባሉት የቂጥኝ የደም ምርመራዎች የሚሰጡት ታይተር ሲሆን ደሙ መርፌው በተሰጠበት ቀን ይወሰድ። ከ1፡32 ወደ 1፡8 መውረድ፣ ማለትም አራት እጥፍ መቀነስ፣ በ6 እና በ12 ወር የሚጠበቀው ነው። ከ1፡8 ወደ 1፡4 ለውጥ አይባልም፤ የምርመራው ስህተት ውስጥ ይገባል። አርፒአርን ከቪዲአርኤል ጋር አታወዳድሩ፤ ከተቻለ በአንድ ላቦራቶሪ አሠሩ።

ባለፉት 90 ቀናት አብሮ የተኛ ሰው ምርመራው ነጌቲቭ ቢሆንም ይታከማል፤ ምርመራው ገና ስላልያዘው ሊሆን ይችላል። ታይተሩ ወርዶ እንደገና አራት እጥፍ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አጋሩ መታከሙ ነው፤ ቀጥሎ የነርቭና የዓይን ምልክት ይፈለጋል፣ የኤችአይቪ ምርመራ ይደገማል። እነዚህ ንጹህ ከሆኑና ዳግም መያዙ ግልጽ ካልሆነ በየሳምንቱ 2.4 ሚሊዮን ለ3 ሳምንት ይሰጠዋል፤ ደሙም በመጀመሪያው ቀን እንደገና ይወሰዳል።