ሁለት ልጅ፣ አንድ ትሪ ዳቦ ቆሎ

እዚህ አሜሪካ ልጆች የሚበሉት ነገር ሁሉ ለየብቻ የታሸገ ነው። ቺፕሱ በትንንሽ ላስቲክ፣ ጁሱ ከነስትሮው፣ ብስኩቱ እንኳን ለአንድ ሰው ተመጥኖ ነው የሚመጣው። እኛ ስናድግ ቆሎው በአንድ ሳህን ይቀርብልናል፣ ቶሎ ቶሎ የዘገነ ብዙ በላ፣ እንጣላለን፣ እንገላገላለን፣ ተመልሰን እዛው ሳህን ላይ ነን። የኔዎቹ ግን አንዷ በአይፓዷ አንዱ በጌሙ የየራሳቸውን ላስቲክ ይዘው ይገባሉ፣ አንድ ቤት የሚኖሩ ጎረቤቶች በሏቸው፣ የሚገናኙት ሲጣሉ ብቻ ነው።

ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ የሀበሻ ሱቅ እንደ ልብ ስለሆነ ዳቦ ቆሎ ታሽጎ ይሸጣል፣ መግዛት አያቅተኝም። ግን ቅዳሜ ኦፍ ስሆን ቤት ውስጥ እነሱን ይዤ መሥራት ጀመርኩ። ለምን ዳቦ ቆሎ? ኩኪስ ቢሆን እኮ እያንዳንዱ የራሱን ቅርፅ አውጥቶ ይሄ የኔ ነው ይላል፣ ዳቦ ቆሎ ላይ ግን የኔ የምትለው ፍሬ የለም፣ አንዴ ከተቆረጠ ተቀላቀለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 2 ኩባያ የፍርኖ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ጨው፣ በርበሬ እንደ አቅማችሁ፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ከዛ ውሃ ጠብ እያረጋችሁ ጠንከር አርጎ ማሸት ነው፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ ገደማ ይበቃዋል። ቅቤ ስለሌለው ለጾምም ይሆናል። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ሊጡን ከእርሳስ ብዙ የማይወፍር አርጋ ታንከባልላለች፣ ትንሹ 6 ዓመቱ ነው፣ እሱ በመቀስ ይቆርጣል (ለምግብ ብቻ የለየሁት የልጆች መቀስ ነው፣ ቢላ አልሰጠውም)።

ጉዱ እዚህ ጋር ነው። እሷ አንዱን አወፍራ አንዱን አቅጥና ከሰጠችው፣ ወይ እሱ ቸኩሎ አንዱን ትልቅ አንዱን ጥፍር የሚያክል አርጎ ከቆረጠው፣ ኦቨን ውስጥ 350 ፋራናይት ላይ ትንንሾቹ ያርራሉ ትልልቆቹ ውስጣቸው ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። እኔ ምንም አልልም። ትሪው ሲወጣ "ዩ ካት ኢት ቱ ቢግ!" "ኖ፣ ዩ ሜድ ኢት ፋት!" ይጀመራል፣ ያኔ በአማርኛ ተጣሉ እላቸዋለሁ፣ ቃሉ ቶሎ ስለሚያልቅባቸው ጠቡም ቶሎ ያልቃል ሃሃ። አሁን አሁን ከማቀበሏ በፊት "ይሄ ይሆናል?" ብላ ታሳየዋለች። ማንም አላላትም፣ ያረረውን ስለበላች ነው።

ታላቅ ስለሆነች ማዘዝ ትወዳለች፣ ስለዚህ ሊጡ ግማሽ ሲደርስ ቦታ ይቀያየራሉ፣ እሱ ሲያንከባልል እዚህ ይወፍራል እዛ ይበጠሳል፣ ትንፍሽ እንዳትል ተነግሯታል ፊቷ ግን ሁሉንም ይናገራል። ሲካፈሉ ደግሞ አንዱ ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው ቀድሞ ያነሳል። እሱ የሚከፍል ቀን ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ ነው፣ እራት ይደርሳል።

እናቴ በኢሞ እያየችን "ወንዱን ልጅ ጓዳ አስገባሽው?" አለችኝ። እማዬ እዚህ አፓርታማ ጓዳውም ሳሎኑም አንድ ክፍል ነው፣ የት ላስወጣው አልኳት። ሳቀችና ዘይቱ በዝቷል ወደሚለው አለፈች።

ለትምህርት ቤት መክሰስም ይሆናል፣ ኦቾሎኒ እንደሆነ በአለርጂ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት አያስገቡም። የገብስ ቆሎ ራሳችሁ ቆልታችሁ ልስጣቸው ካላችሁ ግን መስኮት ክፈቱ፣ የጭስ አላርሙ ሰፈሩን ነው የሚጠራባችሁ።

በበርበሬው ጉዳይ እስካሁን አልተስማሙም። እሷ ካላቃጠለኝ አልበላም ትላለች እሱ ደግሞ ስኳር ብቻ፣ ሊጡን ለሁለት ከፍለን ከትሪው ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይገባል። አባታቸው ማታ ኡበር ሊነዳ ሲወጣ ጣሳውን እንዳለ ይዞት ወጥቶ ባዶውን መልሶ አመጣው፣ ጠዋት ሁለቱም በር ላይ ጠብቀው አፋጠጡት፣ እሷ እየተናገረች እሱ ከኋላዋ ጣሳውን ከፍ አርጎ እያሳየ።